በጫሞ ሐይቅ ላይ የተሞከረው ባትሪ

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሯ ስም ከነአያት፦ ዕድላዊት ሲሳይ ካሳ
ዕድሜ፦ 21
የትውልድ ቦታ፦ ጋሞ ዞን፣ ጫኖ
አድራሻ፦ አርባ ምንጭ ከተማ፣ ሲቀላ፣ ኪራይ ቤት
የትምህርት ደረጃና ሥራ፦ የአውቶሞቲቭ ሠልጣኝ፣ ደረጃ አራት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ የካቲት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ጧት
ቃሉን የተቀበለችው፦ ረዳት ኢንስፔክተር ዘቢደር ማራኪ
ጉዳዩ፦ የሟች ምሥጋና ኦይታ አሟሟት

ስሜና አድራሻዬ ከላይ እንደሰፈረው ነው። ሟች ምሥጋና ኦይታን የማውቀው ሥልጠና ከጀመርንበት ዓመት አንሥቶ ነው። በኮሌጃችን የተግባር ትምህርት የሚሠራው ጥንድ ጥንድ በመሆን ሲሆን የሟች ጥንድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኔ ነበርኩ። የፍቅር ግንኙነት ነበራችሁ ወይ ተብዬ ተጠይቄ አልነበረንም ብያለሁ። ጓደኛዬ ነበር። ቃሌን ስሰጥ የጠራሁት በስሙ ነው፤ መርማሪዋ ሥርዓቱ ስለሚያዝ ሟች ብላ እንደምትጽፍ ነግራኛለች። ተስማምቻለሁ።

አሠልጣኛችን መምህር ይበልጣል ክብሩ ለአደጋ የሚዳርግ ባትሪ ከወርክሾፕ እንዲወጣ ፈቅደዋል፣ በዚህም በቸልተኝነት ለሰው ሕይወት መጥፋት ምክንያት ሆነዋል ተብለው በሕግ ጥላ ሥር እንደሚገኙ አውቃለሁ። የመጣሁት ስለዚሁ ጉዳይ የማውቀውን ለመናገር ነው። መጥሪያ አልደረሰኝም። የመጣሁት ከሟች አባት ከአቶ ኦይታ ጉሜ ጋር ሲሆን እሳቸው አሁን ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ካለፈው ኅዳር ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ የሚገጣጥም አንድ ፋብሪካ ሠልጣኞችን ለመመልመል ወደ ኮሌጃችን ሰዎች ልኮ ነበር። ያነጋገሩን ወይዘሪት ሊሻን የሚባሉ የቅጥር ኃላፊ ናቸው። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ መግባቱ ስለቆመ ዘይት መቀየርና ካምቢዮ ማውረድ ብቻ የሚያውቅ መካኒክ ከእንግዲህ ሥራው እያነሰው እንደሚሄድ ነገሩን። ፋብሪካው ሴል የሚፈትሹ፣ ሴሎቹን ሞጁል ወደሚባል ጥቅል የሚገጣጥሙ፣ ያለቀለትን ባትሪ የሚሞክሩ፣ የተጎዳውንም ከፍተው የሚጠግኑ ወጣቶች እንደሚፈልግ፣ የተመረጠ ሰውም እዚያው ሠልጥኖ እዚያው እንደሚቀጠር አስረዱን። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ "ሴቶችንም ይጨምራል?" ሲል ክፍሉ ሳቀ። ወይዘሪት ሊሻን አልሳቁም። "እኛ የምንፈልገው የማይቸኩል እጅ ነው፤ የማን እጅ እንደሆነ ባትሪው አይጠይቅም" አሉ።

ይህን የምናገረው ለምን እንደዚያ እንደለፋንበት እንዲታወቅ ነው። በሁለተኛው ዓመት ለተግባር ልምምድ ጋራዥ ፍለጋ ስዞር ከሲቀላ እስከ ሴቻ የተቀበለኝ አልነበረም። አንድ የጋራዥ ባለቤት "እህቴ፣ በዚህ ቀሚስሽ ነው ከመኪና ሥር የምትገቢው?" አለኝ። የለበስኩት ቱታ ነበር። ሟች ግን የተመደበበት ጋራዥ ሄዶ "ጥንዴ ካልገባች እኔም አልገባም" ብሎ አስገባኝ። ውለታ አድርጎ አልቆጠረውም፤ በኋላም አንሥቶት አያውቅም። ወይዘሪት ሊሻን ተናግረው ሲወጡ ወደ እኔ ዞሮ "ይኼ ያንቺ ነው" አለኝ። ያንተስ አልኩት። "የኔም ነው" አለ።

ለመመረጥ እያንዳንዱ ጥንድ ከአገልግሎት ውጭ ከሆነ ባትሪ የሚሠራ ነገር ሠርቶ በቪዲዮ መላክ ነበረበት። በሶዶ መንገድ ላይ የተገለበጠ አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ለማስተማሪያ ተብሎ ለኮሌጁ ተሰጥቶ ስለነበር መምህር ይበልጣል ከባትሪው ደህና የቀሩትን ሞጁሎች ለየጥንዱ አከፋፈሉን። ሌሎቹ የመብራት ማጠራቀሚያና የውሃ ፓምፕ ሠሩ። የጀልባው ሐሳብ የሟች ነው። "አባዬ ጀሪካን ይዞ ማደያ ሲሰለፍ ዓሣው መረብ ውስጥ ይበላሽበታል" አለ። የአባቱ ጀልባ በቤንዚን ሞተር የሚሄድ ሲሆን በቤንዚኑ እጥረት የተነሣ ብዙ ቀን በመቅዘፊያ ነበር የሚወጡት።

አቶ ኦይታ የኦቾሎ ሰው ናቸው። ከሸማ ሥራ ወጥተው ወደ ጫሞ የወረዱት በወጣትነታቸው ነው። ልጃቸው ባትሪ ጀልባ ሊያስነሣ መሆኑን መጀመሪያ ሲሰሙ አላመኑም። በኋላ ግን ጀልባውን ራሳቸው ፍቀው፣ ቀዳዳውን ደፍነው፣ ቀለም ቀብተው ሰጡን።

የሠራነውን ባትሪ በተመለከተ ተጠይቄ የሚከተለውን መልሻለሁ። የአርባ ስምንት ቮልት ባትሪ ነው። ይህ መጠን ዝቅተኛ በመሆኑ በተለመደው አያያዝ ሰው አይገድልም። ሞተሩ ከኤሌክትሪክ ባጃጅ የወጣ ነው። ባትሪውን ያስገባነው ውሃ እንዳያስገባ ጎማ በዙሪያው በተለጠፈበት የብረት ሳጥን ውስጥ ሲሆን ሳጥኑ ላይ ፊውዝና በእጅ የሚዘጋ ዋና ማቋረጫ አለው። መምህር ይበልጣል ሳጥኑን ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ አስነክረው ካዋሉት በኋላ ከፍተው ውስጡን በደረቅ ወረቀት አበሱት። ወረቀቱ ደረቅ ነበር። በድጋሚ አስነከሩት። እንደገና ደረቅ ነበር። ሞተሩንም በርሜል ውስጥ አስነሥተው እጃቸውን ውሃው ውስጥ ከትተው አሳይተውናል። ይህንን የክፍላችን ልጆች በሙሉ አይተዋል።

ወደ ሐይቁ ስንወስደውም ሁኔታ አስቀምጠውልናል። የመንሳፈፊያ ጃኬት እንድንለብስ፣ ውሃው ዳር ከበቀለው ረጅም ሣር፣ ከፊላው ጫፍ እንዳናልፍ፣ ሰው ውሃ ውስጥ ከገባ ከምንም በፊት ኃይል እንድናቋርጥ ነግረውናል። የተናገሩትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። "ባትሪ ምሕረት አያውቅም፤ ውሃም አያውቅም። ሁለቱን ስታገናኙ እኔን አስቡኝ" ነው ያሉት። እሳቸው ያልመጡት ቅዳሜ የሌሎች ሠልጣኞችን ምዘና ስለሚቆጣጠሩ ነው። እሑድ ይሁን ብለውን ነበር። እሑድ የአምልኮ ቀን ስለሆነ አቶ ኦይታ ወደ ሐይቅ ስለማይወጡ ቅዳሜ እንዲሆን የጠየቅነው እኛ ነን።

ቅዳሜ ጥር 23 ቀን ከጧቱ አንድ ሰዓት ገደማ ሟችና እኔ ባትሪውን በባጃጅ ጭነን ሐይቁ ዳር ካለው ዓሣ ማውረጃ ደረስን። አቶ ኦይታ ቀድመውን ነበር። ሌሎች ዓሣ አጥማጆችም ነገሩን ለማየት ቆይተው ነበር። ሟች ባትሪውን ገጠመ፣ እኔ ግንኙነቶቹን ፈተሽኩ። ስልኬን ለማውረጃው ጥበቃ ለአቶ ካሌብ ሰጥቼ ከዳር ሆነው እንዲቀርጹን ጠየቅኩ። ሟችና እኔ ጃኬት ለበስን። ሦስተኛ ጃኬት አልነበረም፤ አቶ ኦይታ ዋና ስለሚችሉ አያስፈልገኝም አሉ።

መጀመሪያ በዳሩ በኩል ዞረን ተመለስን። በቪዲዮው ላይ አንድ ሰው "ቆሟል ወይስ እየሄደ ነው?" ሲልና ሌሎቹ ሲስቁ ይሰማል። ሞተሩ ድምፅ ስለሌለው ነው። አቶ ኦይታ ከፊት ተቀምጠው እጃቸውን ውሃው ላይ ዘርግተው ነበር። ስንመለስ ሰዎቹ አጨበጨቡ። ሟች ስልኩን ተቀብሎ ቪዲዮውን እዚያው ቆሞ ወደ ፋብሪካው ላከው። ኔትወርክ እየተቆራረጠ ትንሽ ቆየ። ሲደርስ ስልኩን ከፍ አድርጎ አሳየኝና መልሶ ለአቶ ካሌብ ሰጠ። የእኛ ጉዳይ በዚህ አልቆ ነበር።

ለምን ተመልሳችሁ ወጣችሁ ተብዬ ተጠይቄያለሁ። አቶ ኦይታ "እስከ መረቡ እንሂድና እንመለስ" ስላሉ ነው። መረባቸው ያለው ከፊላው ጫፍ አልፎ ነው። ሟች "አባ፣ ቲቸር ከፊላው እንዳታልፉ ብሏል" አላቸው። አቶ ኦይታ ስቀው "ቲቸር ሐይቁን ያውቀዋል?" አሉ። የሳቁት በክፋት አይደለም። ደስ ብሏቸው ነው። እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ሟች ወደ እኔ ተመለከተ፤ እኔ ምንም አላልኩም። ሄድን።

በሐይቁ ላይ ያለውን ልማድ ማስረዳት ያስፈልጋል። በመቅዘፊያ የሚሄድ ሰው ጉማሬ መምጣቱን ሰምታ እንድትርቅ የጀልባውን ጠርዝ በእንጨት ይመታል። በቤንዚን ሞተር የሚሄድ ሰው ግን አይመታም፤ የሞተሩ ጩኸት ይበቃል። የእኛ ሞተር አይጮህም። ፊላው አጠገብ ስንደርስ ሟች ይህን አስቦ በመቅዘፊያው እንጨት ጠርዙን መምታት ጀመረ። አቶ ኦይታ ፊታቸውን ሳይመልሱ በጋሞኛ ተናገሩ። በአማርኛ ሲመለስ "ተው ልጄ፣ ትንሽ ዝም እንበል። ሞተር ይዤ እየሄድኩ ወፍ ሰምቼ አላውቅም" ማለት ነው። ሟች እንጨቱን አስቀመጠ። ሦስታችንም ዝም አልን። እውነት ነው፣ ወፎቹ ይሰሙ ነበር።

ብዙም አልራቅን። መጀመሪያ ያየሁት የጉማሬ ግልገል ነው፤ ከፊላው ሥር ጭንቅላቱን አውጥቶ ነበር። ይህንን ለመናገር አፌን ስከፍት ጀልባው ከሥሩ ተመታ። የሰማሁት የእንጨት ስንጥቅ ድምፅ ነው። ጀልባው ወደ ቀኝ ዘነበለ። ሟች የተቀመጠው ከኋላ፣ ሞተሩ አጠገብ ነበር። ጠርዙን ይዞ መቆየት ይችል ነበር። ጠርዙን ለቆ በሁለት እጁ ዋናውን ማቋረጫ ዘጋው። የሞተሩ መዘውር ቆመ። ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ጀልባው ተገልብጦ ሦስታችንም ውሃ ውስጥ ገባን።

ጭስ ታይቷል፣ ባትሪው ፈንድቷል የሚባለውን በተመለከተ የታየው ጭስ አይደለም። ጀልባውን የመታችው የግልገሉ እናት ከውሃው ስትወጣ በአፍንጫዋ የረጨችው ውሃ ነጭ ሆኖ ወደ ላይ ወጥቷል። ከማውረጃው ሆኖ በሩቁ ለሚያይ ሰው ጭስ ሊመስል ይችላል። ፍንዳታ አልነበረም። ኤሌክትሪክ ማንንም አልያዘም፤ ሳጥኑ ውሃ ውስጥ ሲገባ እኔም እዚያው ውሃ ውስጥ ነበርኩ፣ ምንም አልተሰማኝም።

እኔ ዋና አልችልም። ጃኬቱ አነሣኝ እንጂ ውሃ ጠጥቻለሁ። አቶ ኦይታ በጃኬቴ አንገት ይዘው ጎትተው በተገለበጠው ጀልባ ሆድ ላይ አወጡኝ። እዚያ ከወጣሁ በኋላ ሟችን አላየሁትም። ጉማሬዋ እንደገና ብቅ ብላ ግልገሏን ይዛ ወደ ፊላው ገባች። አቶ ኦይታ ወደ ውሃው ገቡ፣ ወጡ፣ ደግመው ገቡ። በሌላ ጀልባ የመጡ ሰዎች ይዘው አስቀሯቸው። የሟች አስከሬን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ በፊላው ውስጥ ተገኘ። ጃኬቱ በላዩ ላይ ነበር። ጎኑ ላይ የጥርስ ቁስል ነበረው። የቃጠሎ ምልክት አላየሁበትም። ተጠግቼ ነው ያየሁት፤ ሰዎቹ እንዳላይ ሲከለክሉኝ ጥንዱ ነኝ አልኳቸው።

በዕለቱ ለምን ቃልሽን አልሰጠሽም ተብዬ ተጠይቄ መናገር አልቻልኩም ብያለሁ። አንድ ፖሊስ መጥቶ ጠይቆኝ እንደነበር ሰዎች ነገሩኝ፤ እኔ አላስታውስም። አባቴ መጥቶ ወደ ጫኖ ወሰደኝ። ለቀብሩ ተመልሼ መጥቻለሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች ዘመሩ፣ እኔም አብሬ ዘመርኩ። አላለቀስኩም። የሟች እናት ወ/ሮ አስቴር አቅፈውኝ "አንቺ እንኳን ተረፍሽ" አሉኝ። በዚያው ቀን ዘመድ ሁሉ ባትሪው ነው፣ መምህሩ ነው ይል ነበር። አቶ ኦይታ ከሰው ራቅ ብለው መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር።

ሰኞ መምህር ይበልጣል ከክፍል ተይዘው እንደተወሰዱ፣ ወርክሾፑም እንደታሸገ ሰማሁ። የሌሎቹ ጥንዶች ሥራ ወርክሾፑ ውስጥ እንደተቆለፈበት ነው። ቪዲዮ ያልላኩ ልጆች የመላኪያው ቀን አልፎባቸዋል። ጥቂቶቹ ደውለው ወቅሰውኛል፤ ጥቂቶቹ ደግሞ ደውለው ዝም ብለው ዘግተዋል።

ባለፈው ዓርብ ጫኖ እያለሁ ወይዘሪት ሊሻን ደወሉልኝ። ቪዲዮውን እንዳዩት፣ ሞተሩ እንዲህ ዝም ማለቱ እንዳስገረማቸው ከነገሩኝ በኋላ "ሁለታችሁም ተመርጣችኋል፣ እንኳን ደስ አላችሁ" አሉኝ። አንዱ የለም አልኳቸው። "ሌላ ሥራ አገኘ?" አሉኝ። ሞቷል አልኩ። እንዴት እንደሆነ ጠየቁኝ፣ አሁን በተናገርኩት መልክ ነገርኳቸው። ስጨርስ እያለቀሱ ነበር፤ እኔ ግን የአባቴን ሙዝ የሚያጠጣውን ቦይ እየተመለከትኩ ነበር። ቦታዬን እንደሚያቆዩልኝ ነገሩኝ። መምህር ይበልጣል ሲፈቱ እመጣለሁ ብያቸዋለሁ። የብቃት ማስረጃዬ ያለ እሳቸው ፊርማ አይወጣም፤ ቢወጣም ያለ እሳቸው አልሄድም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ አቶ ኦይታ ጫኖ ድረስ መጡ። አባቴ ከማንጎው ሥር ወንበር አወጣላቸውና ራቅ አለ። መጀመሪያ የጠየቁኝ "ምግብ ይበላልሻል?" ብለው ነው። አንዳንዴ አልኩ። "እኔም አንዳንዴ" አሉ።

ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገቡ። "ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ነበር። ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ፣ መምህሩን ፍቱት አልኳቸው። ሐዘን ነው የሚያናግርህ፣ ሂድና ለቅሶህን ተቀመጥ አሉኝ" አሉ። እርስዎ አልገደሉትም አልኳቸው። "እሱን ለእግዚአብሔር ተይው። አንቺ የሰማሽውን ብቻ ተናገሪ። እስከ መረቡ እንሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። አትምታ ያልኩትም እኔ ነኝ። ጀልባው ላይ የነበርነው ሦስት ነን፤ አንዱ አፈር ገባ፣ የኔን ቃል አልተቀበሉም፣ የቀረሽው አንቺ ነሽ። የልጄ መምህር እኔ በተናገርኩት ታስሮ እኔ መቃብሩ ላይ ቆሜ ምን እላለሁ?"

እማማ አስቴር ሲሰሙስ አልኳቸው። "ከእኔ ትሰማለች። ዛሬ እነግራታለሁ" አሉ። ዛሬ ጧት ሊወስዱኝ ሲመጡ ነገሯቸው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። "ነገርኳት" አሉ። ምን አሉ አልኩ። "ምንም። የታጠበ ሸሚዝ አውጥታ ሰጠችኝ" አሉ። አሁን የለበሱት እሱን ነው።

ባትሪው በኤግዚቢትነት በጣቢያው እንደሚገኝ ተነግሮኝ መርማሪዋ ቃሌን አቋርጣ ወደ ዕቃ ማስቀመጫው ወስዳኛለች። ሳጥኑ ያው የእኛ ሳጥን መሆኑን አረጋግጫለሁ። ጭቃ ደርቆበታል፤ አንዱ ማዕዘኑ ገብቷል። ክዳኑ አልተከፈተም። ዋናው ማቋረጫ የተዘጋ መሆኑን ለመርማሪዋ አሳይቻታለሁ፤ እኔ ግን አልነካሁትም። ሳጥኑ በገለልተኛ ባለሙያ ተከፍቶ እንዲታይ ጠይቄያለሁ። ምን ይገኛል ብለሽ ታስቢያለሽ ተብዬ ተጠይቄ ደረቅ ይሆናል ብዬ መልሻለሁ።

ይህን ቃል እንድሰጥ ያስገደደኝ ወይም ያግባባኝ ሰው እንዳለ ተጠይቄያለሁ። ያስገደደኝ የለም። የለመነኝ ሰው አለ፤ የለመኑኝ አቶ ኦይታ ናቸው። የሰጠሁት ቃል የሚጎዳውም እሳቸውን ነው። መምህር ይበልጣል ባስቀመጡልን ሁኔታ ብንጸና ኖሮ ከፊላው አናልፍም ነበር። ስለ ጉማሬ አልነገሩንም፤ የሐይቅ ሰው ስላልሆኑ ያንን እንዲያውቁ መጠበቅ ልክ አይመስለኝም። እኔና ሟች በባትሪው ላይ ስንሠራ ሊፈስ፣ ሊግል፣ ሊቃጠል ይችላል የተባለውን ሁሉ አስበናል። ዝም ማለቱ ሰው ይጎዳል ብሎ ያሰበ አልነበረም። እንደ ጥሩ ነገር ነበር የቆጠርነው።

በመጨረሻም ሟችን ለማዳን የተደረገ ጥረት ነበር ወይ ተብዬ ተጠይቄ እንደሚከተለው መልሻለሁ። ጀልባው እንደተገለበጠ አቶ ኦይታ በግራ እጃቸው ጀልባውን ይዘው ነበር። በቀኛቸው በኩል እኔ ነበርኩ፤ ሟች ከእኔ ትንሽ አለፍ ብሎ ነበር። ሁለታችንንም አይተውናል። ሟች "አባ" ብሎ ጠራቸው። ከሐይቁ ዳር ያደገ ስለሆነ ዋና ይችላል፤ እኔ እንደማልችል አቶ ኦይታ ያውቃሉ። "መጣሁ ልጄ፣ መጣሁ" እያሉ የያዙት የእኔን ጃኬት ነው። ጎትተው እስኪያወጡኝ ድረስ "መጣሁ" ማለታቸውን አላቆሙም። ሲዞሩ ሟች የነበረበት ቦታ ላይ ውሃ ብቻ ነበር።

ይህንን አቶ ኦይታ ለማንም ሲናገሩ አልሰማሁም። የገደልኩት እኔ ነኝ ሲሉም የሚናገሩት ስለ መረቡና ስለ ዝምታው ብቻ ነው። ከአደጋው ወዲህ እኔና እሳቸው በዚህ ጉዳይ ላይ ተነጋግረን አናውቅም። ለወ/ሮ አስቴርም አልነገርኳቸውም። ጉዳዩ ከመምህሩ ክስ ጋር ግንኙነት እንደሌለው መርማሪዋ ገልጻልኛለች። ቢሆንም እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተጽፎልኛል።

የሰጠሁት ቃል እንደተናገርኩት መጻፉን ራሴ አንብቤ አይቻለሁ። ያየሁትን እንዳየሁት፣ የሰማሁትን እንደሰማሁት ተናግሬያለሁ። ፍርድ ቤት ብጠራም የምደግመው ይህንኑ ነው። ስለ እውነተኛነቱ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ዕድላዊት ሲሳይ
ቃሉን የተቀበለችው መርማሪ ፊርማ፦ ረ/ኢ/ር ዘቢደር ማራኪ

የምስክሯ ቃል እንዳበቃ፣ ቃላቸው ቀደም ሲል ሳይመዘገብ የቀረው አቶ ኦይታ ጉሜ ተጠርተው ገብተዋል። ምስክሯ ውጭ እጠብቃቸዋለሁ ብላ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጣለች።